የብረትን ድካም የመረመረ መሐንዲስ

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1842 ዓ.ም. ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይሄድ የነበረ ባቡር የመንኰራኵሩ ዘንግ ተሰብሮ ከ50 የሚበልጥ ሰው አለቀ። ጤነኛ መስሎ የሚታይ ብረት ለምን እንደሚሰበር ፈትኖ ያስረዳው፥ በ1819 በሐኖቨር አገር የተወለደው አውጉስት ቮለር ነው። ይህ ሰው በፕሩሲያ የባቡር ሠረገላዎች ሹም ሳለ፥ ዘንጎችን ሸክም እያስያዘ በሚሊዮን የሚቈጠር ጊዜ እያዞረ መረመራቸው። ብረት አንድ ጊዜ የቻለው ሸክም ቢመላለስበት ደክሞ እንደሚሰበር፥ ሸክሙ ከተወሰነ ልክ ካነሰ ግን እንደሚጸና በ1870 ገለጸ፤ በ1914ም ሞተ። በ1950ዎቹ ዓመታት ኮፊንና ማንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቁም ብረት እንደሚደክም አስረዱ፤ ዛሬ የአውሮፕላን ሞተር ብረት ሙቀትና ሸክም ባንድነት እየተፈራረቁበት ይፈተናል። የሰው ሕይወት የተሰጠው ሹም የዛሬን ጽናት ብቻ አይቶ አይታለል፤ ድካሙን አስቀድሞ ይመርምር።