ጌራ፣ ርስቱን ለጓሳ ሣር የተወው

ጂንካ ስለምሠራ ብዙዎቻችሁ ስለ ማጎ ፓርክ እንድጽፍ ትጠብቁ ይሆናል። ማጎን የከለለው ግን መንግሥት ነው። እኔን የሚገርመኝ ከገዛ ርስቱ ቆርሶ የተወ ሰው ነው፤ የመንዙ ጌራ።

ጌራና ባልንጀራው አስቦ በ17ኛው መቶ ዘመን መንዝን ያቀኑ አባቶች ናቸው። አገሩን የተካፈሉት በፈረስ ግልቢያ ነው ይባላል፤ መቼም መንዝ ያለ ፈረስ ታሪክ አያወራም! ከዚያ ግን ከ3200 ሜትር በላይ ያለውን ደጋ ሳያርሱ ለሣርና ለግጦሽ አስቀሩት። ለቀይ ቀበሮ አዝነው ነው አልልም። ያሰቡት ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለክፉ ቀን የከብት መኖ ነው። ቀበሮውና ጭላዳው በዚያው ተረፉ።

ጌራ ካለፈ በኋላም ጓሳ የጥበቃ አለቆች ነበሩት። ሣሩ እንዲያገግም ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴ አምስት፣ ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም። ደፍሮ የገባ ይቀጣል፣ ያውም ክፉኛ።

አንድ ነገር ግን ይቆረቁረኛል። ከሁለቱ አባቶች ዘር ያልተወለደ ድርሻ አልነበረውም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህን ሲሽር በሩ ለሁሉም ተከፈተ፣ ጥበቃውም አብሮ ላላ፤ ሣሩ ተጎዳ። ቆይቶ ገበሬዎቹ ራሳቸው ኮሚቴ አቋቁመው ሥርዓቱን መለሱት።

ወረዳው ዛሬም መንዝ ጌራ ምድር ይባላል። ጓሳን ደግሞ ባለርስት የነበረውም ያልነበረውም አብረው ይጠብቁታል።