አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ፦ ለጠየቀችው እህት መጽሐፍ የጻፈው የፈለክ ዐሊም

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



ባለፈው ዓመት ከመግሪብ በኋላ በነበረን ሐለቃ ላይ ከእህቶች በኩል በወረቀት የተጻፈ ጥያቄ መጣ። ጠያቂዋ አዲስ ገቢ ተማሪ ነበረች። ጨረቃ በየወሩ ሙሉ ከሆነች ግርዶሽ ለምን በየወሩ አይከሰትም የሚል ነበር። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ስለሆንኩ ጥያቄው ወደ እኔ ተመራ። እኔም ሰሌዳው ላይ ክብ ሣልኩ፣ አንግል ጻፍኩ፣ ፎርሙላ ደረደርኩ። ወንድሞች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም ደስ አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ከዚያ በኩል ጥያቄ አልመጣም፤ ከዚያ በኋላም እንደዚሁ። ዕውቀቴን አሳየሁ እንጂ እንዳላስተማርኩ የገባኝ የአንድ ታላቅ ዐሊም ታሪክ ሳነብ ነው። ዛሬ የእሱን ሕይወት ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አቡ ረይሓን ሙሐመድ ኢብን አሕመድ አል-ቢሩኒ በ973፣ በሂጅራ 362፣ በኸዋሪዝም ምድር ካስ በተባለችው ከተማ አካባቢ ተወለደ። ቦታው ዛሬ በኡዝቤኪስታን ውስጥ ሲሆን ከተማይቱም በስሙ ቤሩኒ ተብላ ትጠራለች። ቢሩኒ የሚለው ቃል በፋርስኛ የውጭ ሰው ማለት ነው፤ ከከተማው ቅጥር ውጭ ከነበረው ሰፈር የመጣ እንደማለት። አላህ መልካም አስተማሪ ወፈቀው። አቡ ነስር መንሱር ኢብን ኢራቅ የተባለው የሒሳብ ሊቅ ከኸዋሪዝም ገዢ ቤተሰብ የተገኘ መስፍን ሲሆን ወጣቱን ተቀብሎ ጂኦሜትሪና ሥነ-ፈለክ አስተማረው። ሁለቱ ለረጅም ዓመታት አብረው ሠሩ። አቡ ነስር ኋላ ላይ መጽሐፍ እየጻፈ በተማሪው ስም ያበረክት ነበር።

በ990፣ ገና በ17 ዓመቱ ገደማ፣ ቢሩኒ የፀሐይን ከፍታ ለክቶ የካስን ኬክሮስ አሰላ። በዕድሜ ስናየው ዛሬ አንደኛ ዓመት ከሚገቡት ልጆቻችን ያነሰ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የተረጋጋ ኑሮ አላገኘም። በ995 በኸዋሪዝም የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። የአቡ ነስር ቤተሰብ ሥልጣኑን አጣ፤ ቢሩኒም ሀገሩን ጥሎ ተሰደደ። ለተወሰኑ ዓመታት በድህነት ከከተማ ከተማ ተንከራተተ። ያም ሆኖ ምልከታውን አላቆመም። በ997 የጨረቃ ግርዶሽ ሊሆን ሲል በባግዳድ ከነበረው ከታላቁ የሒሳብ ሊቅ አቡል ወፋእ ጋር ተስማሙ፦ አንዱ በካስ፣ ሌላው በባግዳድ ሆኖ ግርዶሹን ይመለከታል፣ ሰዓቱንም ይመዘግባል። ነገሩ ቀላልና ድንቅ ነው። የጨረቃ ግርዶሽ ለሚያየው ሰው ሁሉ በአንድ ቅጽበት ነው የሚሆነው፤ የሚለያየው የየሀገሩ ሰዓት ብቻ ነው። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር የሰዓቱ ልዩነት በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የኬንትሮስ ልዩነት ይነግረናል። ስልክም ሳተላይትም በሌለበት ዘመን ሁለት ሙስሊም ሊቃውንት ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተራርቀው፣ ወደ አንዲት ጨረቃ እያዩ አብረው ሠሩ። ሱብሃነላህ!

ወደ 1000 ዓ.ም. አካባቢ በካስፒያን ባሕር አጠገብ በጁርጃን ሳለ ስለ ሕዝቦች የዘመን አቆጣጠር የሚናገረውን ታላቅ መጽሐፉን ጻፈ። የዐረቦችን፣ የፋርሶችን፣ የአይሁዶችን፣ የክርስቲያኖችን፣ የቅብጦችንና የሌሎችንም አቆጣጠርና በዓላት አንድ በአንድ መረመረ። በዚያው የወጣትነት ዘመኑ ከቡኻራው ኢብን ሲና ጋር በደብዳቤ ተከራከረ። የአሪስቶትልን የሰማይ ትምህርትና ሌሎች የተፈጥሮ ጉዳዮችን የሚመለከቱ 18 ጥያቄዎች ላከለት። ሁለቱም ወጣቶች ነበሩ፤ ክርክሩም የጋለ ነበር። ቢሩኒ የአንድን ሰው አባባል ሰውየው ታላቅ ስለሆነ ብቻ የሚቀበል አልነበረም። ማስረጃ ይጠይቃል፤ ከተቻለ ራሱ ይለካል።

ወደ 1004 ገደማ ወደ ኸዋሪዝም ተመልሶ በጉርጋንጅ ቤተ መንግሥት ተከበረ። ነገር ግን በ1017 የገዝናው ሱልጣን ማህሙድ ሀገሩን ወርሮ ያዘ። ቢሩኒና መምህሩ አቡ ነስር ወደ ገዝና፣ ወደ ዛሬዋ አፍጋኒስታን፣ ተወሰዱ። የዚያን ጊዜ ዕድሜው 44 ገደማ ነበር። ዳግመኛ እንደ ልቡ ሀገሩ ሊኖር አልቻለም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1018፣ ራሱን በካቡል አጠገብ ባለች አንዲት መንደር አገኘው። መሣሪያዎቹ ከእጁ የሉም፤ ልቡም አዝኗል። ሌላው ሰው ቢሆን ተቀምጦ ዕጣ ፈንታውን ያማርር ነበር። እሱ ግን ስሌት በሚሠራበት ሰሌዳ ጀርባ ላይ ቅስት ሥሎ በዲግሪ ከፋፈለው፣ ቱንቢ አንጠለጠለበት፣ የፀሐይንም ከፍታ ለካበት። የቦታውንም ኬክሮስ አወጣ። እኛ ላቦራቶሪው መሣሪያ የለውም ብለን ትምህርቱን ስንተው ይህ ሰው ትዝ ሊለን ይገባል።

በ1025 ያጠናቀቀው አንዱ መጽሐፉ የከተሞችን ትክክለኛ ቦታ ስለመወሰን የሚናገር ነው። ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ የገዝናን ቂብላ በትክክል ማወቅ ነበር። ቂብላን ለማግኘት የመካንና ያለንበትን ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስ ማወቅ፣ ከዚያም በክብ ምድር ላይ ያለውን አቅጣጫ በትሪጎኖሜትሪ ማስላት ያስፈልጋል። ለእሱ ሶላቱና ስሌቱ የተለያዩ ጉዳዮች አልነበሩም። ዛሬ በዶርማችን ስልክ አውጥተን ቂብላ ስንፈልግ ከበስተኋላ የሚሠራው ይኸው ዓይነት ስሌት ነው።

የምድርን መጠን የለካበት መንገድ ደግሞ ሰርቬዪንግ ለምንማር ሁሉ ትልቅ ደስታ ነው። ከእሱ በፊት በኸሊፋው አል-መእሙን ዘመን ሊቃውንት በሲንጃር በረሃ እየተጓዙ የአንድ ዲግሪን ርዝመት በገመድ ለክተው ነበር። ቢሩኒም በወጣትነቱ ይህን ለመድገም ሞክሮ ረዳት አጥቶ ቀርቷል። በሕንድ ዘመቻ ጊዜ ግን ዛሬ በፓኪስታን በሚገኘው በናንዳና ምሽግ አጠገብ፣ ከሰፊ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ተራራ አገኘ። መጀመሪያ ከሜዳው ላይ በሁለት ቦታ አንግል እየወሰደ የተራራውን ከፍታ አሰላ፤ 652 ክንድ ገደማ ሆነ። ከዚያ ጫፉ ላይ ወጥቶ ሰማይና ምድር የሚገናኙበት መስመር ከአግድሙ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለካ፤ 34 ደቂቃ፣ ማለትም ከአንድ ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ግማሽ ብቻ ሆነ። ምድር ጠፍጣፋ ብትሆን ይህ ዝቅታ አይኖርም ነበር። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች የምድር ሬዲየስ 12.8 ሚሊዮን ክንድ ገደማ መሆኑን አወጣ። ክንዱን ግማሽ ሜትር አካባቢ ብናደርገው ዛሬ ከሚታወቀው 6,371 ኪሎ ሜትር ጋር በጣም ይቀራረባል። ሐቁን ለመናገር፣ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ስለሚጎብጥ ይህ ዘዴ ስሕተት አያጣውም፤ የእሱም ክንድ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ አሁንም ያከራክራል። ስለዚህ በውጤቱ ቅርበት ብቻ መፎከር አይገባንም። የሚደንቀው ሐሳቡ ነው፦ በረሃ የሚያቋርጥ ቡድን የጠየቀውን ሥራ አንድ ሰው ከአንድ ተራራ ላይ መሥራቱ።

ከሱልጣኑ ጋር ወደ ሕንድ ሲሄድ ሌሎች ምርኮ ሲቆጥሩ እሱ ሳንስክሪት ቋንቋ ይማር ነበር። ዕድሜው ከአርባ አልፏል፤ ቋንቋውም ከባድ ነው። የሕንዶችን መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ መለሰ። በ1030 ገደማም ስለ ሕንድ የጻፈውን ታዋቂ መጽሐፍ ፈጸመ። በዚያ መጽሐፍ እምነታቸውን ሳያጣምምና ሳይሳለቅ፣ ራሳቸው እንደሚናገሩት አድርጎ አስቀመጠ። የማህሙድ ዘመቻዎች የሀገሩን ብልጽግና እንዳወደሙ፣ ሰዎቹ ሙስሊሞችን እንዲጠሉ እንዳደረጓቸው፣ ዕውቀታቸውም ወደ ሩቅ ቦታ እንደሸሸ በግልጽ ጻፈ። ይህን የጻፈው በዚያው ሱልጣን ሥርወ መንግሥት ሥር ሆኖ ነው። እውነትን መናገር ለእሱ ከዕውቀት ሥራ የሚነጠል አልነበረም።

ስለ ጥላ በጻፈው መጽሐፍ የምናገኘው አንድ ገጠመኝ አለ። ለመስጊድ የሶላት ወቅት የሚያሳይ መሣሪያ ሲሠራ የሩም ወሮች ተጽፈውበት ነበር፤ የጥላ ርዝመት የሚከተለው ፀሐይን እንጂ የጨረቃን ወር አይደለምና። የሶላቱ ኃላፊ ግን የሩሞችን ወር መስጊድ አላስገባም ብሎ እምቢ አለ። ቢሩኒም ሩሞች ምግብ ይበላሉ፣ በገበያም ይሄዳሉ፤ እንግዲያው በዚህም አትምሰላቸው ብሎ መለሰለት። የረመዷንን መግቢያ በሂጅራ፣ ፈተናችንን በፈረንጆች፣ ልደታችንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለምንቆጥር ለእኛ ነገሩ ቅርብ ነው።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። በ1029፣ በ56 ዓመቱ አካባቢ፣ ቢሩኒ ረይሓና ቢንት አል-ሐሰን የተባለች የኸዋሪዝም ሴት ስለጠየቀችው ለጀማሪ የሚሆን መጽሐፍ ጻፈ። ስሙ ኪታብ አት-ተፍሂም ነው፤ ተፍሂም ማስረዳት፣ እንዲገባ ማድረግ ማለት ነው። በዘመኑ ከነበሩት የፈለክ ዐሊሞች ሁሉ የላቀው ሰው ነጥብ ምንድን ነው፣ መስመር ምንድን ነው ከሚል ይጀምራል። ከዚያ ወደ ሒሳብ፣ ወደ ሰማይ ቅርጽ፣ ወደ ምድር፣ ወደ ዘመን አቆጣጠር፣ ወደ አስጠርላብ አጠቃቀም ይሄዳል። ሁሉም በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ ነው፤ ከ500 በላይ ጥያቄዎች አሉት። መልሶቹ አጫጭርና ግልጽ ናቸው። ከዐረብኛው ሌላ የፋርስኛ ቅጂም አለው። ቢሩኒ ለሳይንስ ዐረብኛን ከማንም አብልጦ ይወድ ነበር፤ ዐረብኛ ለማይችለው አንባቢ ግን በሩ አልተዘጋም።

የመጽሐፉ መጨረሻ ክፍል ስለ ኮከብ ቆጠራ ነው፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። በዚያ ዘመን ነገሥታቱም ሕዝቡም ከፈለክ ዐሊም የሚጠብቁት እሱን ነበር። እሱ ግን የቆጣሪዎቹን ደንብ ቢዘረዝርም እምነቱ በዚያ ላይ እንዳልነበረ ጠቁሟል። እኛም የሚጠቅመውን ይዘን ሸሪዓችን የከለከለውን እንተዋለን።

ማህሙድ በ1030 ከሞተ በኋላ ልጁ መስዑድ ሥልጣን ያዘ። ቢሩኒ ትልቁን የሥነ-ፈለክ ሥራውን፣ አል-ቃኑን አል-መስዑዲን፣ በስሙ አበረከተለት። ሱልጣኑ በዝሆን የተጫነ ብር ሸልሞት እሱ ለመንግሥት ግምጃ ቤት መለሰው ይባላል። በስልሳዎቹ ዕድሜ ላይ የራሱን ሥራዎች ሲዘረዝር ቁጥራቸው ከመቶ በላይ ነበር። ብዙዎቹ ጠፍተዋል። ዛሬ በጨረቃ ጀርባ ያለ አንድ ጉድጓድ በስሙ ይጠራል።

ያረፈው በ1048 አካባቢ በገዝና ነው። ስለ መጨረሻው ሰዓት ያቁት አል-ሐመዊ ያቆየልን ታሪክ አለ። አንድ የፊቅህ ዐሊም ሊጠይቀው ሲገባ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነበር። ቢሩኒ ግን ቀደም ሲል ስላወሩት የአያቶች ውርስ፣ ስለ አንድ የፈራኢድ ስሌት፣ እንዲያስረዳው ጠየቀው። ዐሊሙ አዘነለትና በዚህ ሁኔታህ? አለው። ቢሩኒም ይህን ጉዳይ ሳላውቀው ከዱንያ ከምሄድ አውቄው ብሄድ አይሻልምን ሲል መለሰ። ዐሊሙ አስረዳው፤ እሱም መልሶ አጠናው። ጠያቂው ወጥቶ ገና መንገድ ላይ ሳለ ከቤቱ የለቅሶ ድምፅ ሰማ። አላህ ይዘንለት።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህ ሰው ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ለመጠየቅ አላፈረም፤ በዕውቀት ጫፍ ላይ ሆኖም ለጀማሪ ለመመለስ አልተናቀበትም። እኔ ሁለቱም ጎድለውኝ ነበር። ስለዚህ ለዚያች እህት ያለብኝን ዕዳ በዚህ ገጽ ልክፈል። ጨረቃ በምድር ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ከምትሄድበት መንገድ 5 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ነው። በዚህ ምክንያት ሙሉ ጨረቃ አብዛኛውን ጊዜ ከምድር ጥላ ከፍ ወይም ዝቅ ብላ ታልፋለች። ሁለቱ መንገዶች በሚቋረጡበት ቦታ አጠገብ ሙሉ የሆነች ዕለት ብቻ ጥላው ውስጥ ትገባለች፤ እኛም ለኹሱፍ ሶላት እንነሣለን። መልሱ ይኸው ነው፤ ያን ዕለት ሰሌዳም ፎርሙላም አያስፈልገውም ነበር።

ከሚቀጥለው ሐለቃ ጀምሮ የጥያቄ ወረቀቶቹ እንደገና ይምጡ። የማውቀውን በቀላሉ ለማስረዳት፣ የማላውቀውንም አላውቅም ለማለት ኢንሻአላህ ቃል እገባለሁ። አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፤ ባወቅነውም የምንጠቅም ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።