ከእርሳስ እስከ ቀለም፤ የሠዓሊው የቪንሰንት ቫን ጎግ ሕይወት

የቫን ጎግ ስም ሲነሣ አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ጆሮውን የቆረጠው ሰውዬ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያች አንድ ሌሊት ሌላ አሥር የሥራ ዓመታት ነበሩት። በእነዚያ ዓመታት ስለ እርሳሱ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ሸራው ምን ያስብ እንደነበረ ለታናሽ ወንድሙ ለቴኦ ከጻፋቸው በመቶ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ይታወቃል። እኛም ነገ ክፍል ገብተን ሥዕል ማስተማራችን ስለማይቀር፣ ከወሬው ይልቅ ሥራው ይጠቅመናል ብለን ታሪኩን በዚህ በኩል አቅርበናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቪንሰንት ቫን ጎግ በ1853 በኔዘርላንድስ ዙንደርት በምትባል መንደር ከአንድ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ቤት ተወለደ። በ16 ዓመቱ ዘ ሄግ ከተማ በአንድ የሥዕል ንግድ ድርጅት ተቀጠረ፤ በ1876 ከሥራው ተሰናበተ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ራምስጌት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ረዳት መምህር ሆነ። ደመወዝ የለም፤ ምግብና መኝታ ብቻ። አዎን፣ ከኛው ሙያ ትንሽ ቀምሷል! ከዚያ መጻሕፍት መደብር ገባ፣ የሃይማኖት ትምህርት ጀምሮ ተወው፤ ቀጥሎም ቤልጂየም ውስጥ ቦሪናዥ በሚባለው የድንጋይ ከሰል አገር ለማዕድን ሠራተኞች ሰባኪ ሆነ። ልብሱን ለድሆች እየሰጠ እንደነሱ ተቸግሮ ቢኖርም አለቆቹ አልወደዱለትምና አሰናበቱት። እንግዲህ በ1880 ሠዓሊ ለመሆን ሲቆርጥ ዕድሜው 27፣ ኪሱ ባዶ፣ በጀመረው ሁሉ ያልተሳካለት ሰው ነበረ።

ታዲያ ምን አደረገ? ወደ ቀለም አልሮጠም። የሥዕል መሠረቱ ንድፍ ነው ብሎ ስላመነ በእርሳስና በከሰል ጀመረ። ለጀማሪዎች የታተመ የሥዕል መማሪያ አግኝቶ ገጽ በገጽ ደጋግሞ ገለበጠ። ገበሬዎችን በመሣል የታወቀውን የፈረንሳዊውን የሚሌን ሥራዎችም እያየ ሣለ። የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎቹ ሲታዩ ደረቆች ናቸው፤ እጅና እግሩ ከአካሉ ጋር አይመጣጠንም። ቢሆንም ይህን እያየ አላቆመም።

በ1882 ዘ ሄግ ሳለ ክሮች የተወጠሩበት የእንጨት ክፈፍ አሠራ። ክፈፉን አሸዋው ላይ ተክሎ፣ እንደ መስኮት አሻግሮ እያየ፣ ቅርቡ የሚተልቅበትን ሩቁ የሚያንስበትን ልክ ወረቀቱ ላይ ያሰፍር ነበር። ከእርሳስም የአናጢ እርሳስ ይወድ ነበር። የእርሳሱ ብልጭታ ሲያስቸግረው ሥዕሉ ላይ ውሃ የተቀላቀለበት ወተት ያፈስበታል፤ ብልጭታው ይጠፋል። ይህን ሁሉ ማንም አላዘዘውም።

ከ1883 መጨረሻ ጀምሮ ኑዌነን በተባለ መንደር ከሸማኔዎችና ከገበሬዎች ጋር ተቀመጠ። አንድ ክረምት ሙሉ አርባ ያህል የገበሬ ፊቶችን ለልምምድ ከሣለ በኋላ በ1885 «ድንች ተመጋቢዎች» የተባለውን ትልቅ ሥዕል ሠራ። ድንቹን የሚበሉት እጆች ያንኑ ድንች ከመሬት የቆፈሩት እጆች መሆናቸው እንዲታይ ስለፈለገ፣ ቀለሙን አፈር እንዳልተራገፈለት ድንች አጠቆረው። አንድ ሠዓሊ ወዳጁ ሥዕሉን ክፉኛ ቢነቅፍበት ጓደኝነታቸው በዚሁ ፈረሰ። በ1886 መጀመሪያ አንትወርፕ ከተማ የሥዕል ትምህርት ቤት ሲገባም ወደ ጀማሪዎች ክፍል ዝቅ እንዲል ተወሰነበት።

በዚያው ዓመት ወንድሙ ወዳለበት ወደ ፓሪስ ሄደ። እዚያ የዘመኑን ሠዓሊዎች ብሩህ ቀለም ሲያይ የራሱ ጨለማ መሆኑ ገባው። ወዲያው አበባ እየሣለ ቀለም መለማመድ ያዘ። ለሞዴል የሚከፍለው ስላልነበረው መስተዋት ፊት ተቀምጦ የገዛ ፊቱን ከ25 ጊዜ በላይ ሣለ። ባለ ልዩ ልዩ ቀለም የሱፍ ክር በሣጥን ነበረው፤ ሁለቱን ቀለም አንድ ላይ አጠንጥኖ ያያል። ቀይ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከብርቱካናማ፣ ቢጫ ከሐምራዊ ጎን ሲሆን አንዱ ሌላውን እንደሚያደምቀው በዚህ ይፈትን ነበር። ውድ ቀለም ሳይባክን በክር መማር ይቻላል ማለት ነው።

በፌብሩዋሪ 1888 ወደ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ወደ አርል ሄደ። ታዋቂዎቹን የሱፍ አበባዎች የሣለው እዚያ ነው። ቁም ጸሐፊዎቻችን እንደሚያደርጉት የአገሩን መቃ ቀርጾ በቀለም ይነድፍ ነበር። በ1841 የተፈለሰፈው የቆርቆሮ ቀለም ቱቦ ሜዳ ላይ ለመሥራት አስችሎታል፤ ነፋሱ ግን ኃይለኛ ስለሆነ የሥዕል ማቆሚያውን በብረት ካስማ መሬት ላይ ይቸነክረዋል። ባሕር ዳር በሠራው አንድ ሥዕል ቀለም ውስጥ እስከ ዛሬ የአሸዋ ቅንጣት አለ። የቀለሙን ገንዘብ የሚልከው ቴኦ ነበር። ሸራ ሲያጥረው በአሮጌ ሥዕሉ ላይ ሌላ ይሥላል፤ በ1890 ደግሞ በዕቃ ማድረቂያ ፎጣ ላይ ሠርቷል።

በዲሴምበር 1888 ሕመም ጣለው፤ ጆሮውን የቆረጠው ያን ጊዜ ነው። በሜይ 1889 ሳን ሬሚ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ በራሱ ፈቃድ ገባ። ብዙ ሰው ዕብደቱ ሠዓሊ እንዳደረገው ያወራል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሕመሙ ሲነሣበት መሥራት አይችልም፤ ቀለም እስከ መብላት ደርሶ ቀለም የተከለከለበት ጊዜም ነበር። የሣለው ሲሻለው ነው። ጁላይ 29 ቀን 1890፣ በጥይት ቆስሎ በሁለተኛው ቀን፣ ኦቨር በተባለች መንደር በ37 ዓመቱ ሞተ። ቴኦም በስድስተኛው ወር ተከተለው። ሥዕሎቹንና ደብዳቤዎቹን ጠብቃ ለዓለም ያሳወቀችው የቴኦ ባለቤት ዮሃና ናት፤ ደብዳቤዎቹን በ1914 አሳተመቻቸው። በአሥር ዓመት ውስጥ ከ2000 በላይ ሥራዎች፣ ከነዚህም 860 ያህል የዘይት ቀለም ሥዕሎች ትቷል።

ቫን ጎግ ከሚወዳቸው ቀለሞች አንዳንዶቹ በብርሃን እንደሚደበዝዙ ያውቅ ነበር። ጊዜ ያለዝባቸዋልና አሁን አድምቀን እንቀባ የሚል ሐሳብ ለወንድሙ ጽፏል። እውነትም ቀዩ ስለጠፋ፣ ሐምራዊ አድርጎ የሣለው የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ዛሬ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ዘላለም እንደማይቆይ እያወቀም ቢሆን ሥራውን በሙሉ ልቡ ሠራ።

እኛስ? ከመካከላችን ብዙዎቹ የሚመደቡት ቀለም ቀርቶ ወረቀት በማይበቃበት ትምህርት ቤት ነው። ከሰል ግን ምድጃ ሁሉ ውስጥ አለ፤ መቃም ወንዝ ዳር ይበቅላል፤ ሁለት ዓይነት ክርም ከሸማኔ ቤት አይታጣም። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ነገር ነው። አንድ ልጅ ጠማማ እጅና እግር ሥሎ ሲያመጣልን፣ ስጦታ የለህም ብሎ ደብተሩን መመለስ ቀላል ነው። ቫን ጎግም በ27 ዓመቱ ያመጣው እንደዚሁ ያለ ሥዕል ነበረ። ልጁ አይችልም ከማለታችን በፊት ስንት ጊዜ እንደሞከረና በምን እንደሠራ እንጠይቀው፤ ከዚያም አንድ ቁራጭ ከሰል ሰጥተን አጠገቡ እንቀመጥ።