የአባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ትዕግሥት

አንባቢ ሆይ፤ ገና በጐልማሳነትህ ተስፋ ያደረግኸው መንገድ ሁሉ በአንድ ቀን ቢዘጋብህ ምን ታደርግ ይሆን? በአባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ላይ የደረሰው ይህ ነው።

እኒህ ሰው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1564 ዓ.ም. በእስጳንያ ተወልደው፥ በ1582 ዓ.ም. ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገቡ። በ1589 ዓ.ም. ከሽማግሌው ከአባ አንቶንዮ ሞንሴራት ጋራ የአርመን ነጋዴ መስለው ከህንድ አገር ከጐዋ ወደ ኢትዮጵያ ተነሡ። ነገር ግን በዓረብ ጠረፍ በዙፋር አጠገብ ተማረኩ። ሐድረሞት በሚባለው በረሓ ወደ ሰንዓ ተነዱ፤ ብዙ ዘመንም ታሰሩ፤ ኋላም በሞካ በመርከብ ውስጥ በሰንሰለት ሆነው ይቀዝፉ ነበር። በዚያ በረሓ ሳሉ የቡና ፍሬ የተፈላበት ውኃ ተሰጣቸው፤ እናቶቻችን በየቀኑ የሚያፈሉት ቡና ለፈረንጅ እንግዳ ነገር ነበርና በመጽሐፋቸው ጻፉት። አስተውል፤ በእስራት ሳሉ ዓረብኛ ተማሩ። የመከራውን ዘመን እንደ ባከነ ዘመን አልቈጠሩትም።

ገንዘብ ተከፍሎላቸው በ1596 ዓ.ም. በተፈቱ ጊዜ ሰውነታቸው በደዌ ደክሞ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ አገሩ በተመለሰ! እርሳቸው ግን በ1603 ዓ.ም. ዳግመኛ አርመን መስለው በምጽዋ በኩል ገቡ። በዐድዋ አጠገብ ባለችው በፍሬሞና ተቀምጠውም ግዕዝንና ዐማርኛን አጠኑ፤ ሕፃናትንም አስተማሩ።

ዐፄ ዘድንግል ትምህርታቸውን ወደው በሰንበት ነገር ዐዋጅ ለመንገር በቸኰሉ ጊዜ፥ እንዳይቸኵሉ የመከሩ እኒሁ እንግዳ ነበሩ። ንጉሡ ግን አልሰሙም፤ በ1604 ዓ.ም. በጦርነት ተገደሉ።

ከዚያ በኋላ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን አባ ጴጥሮስ በጐርጎራ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በ1618 ዓ.ም. የዓባይን ምንጭ አዩ፤ የኢትዮጵያንም ታሪክ ጻፉ። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት በይፋ በተቀበሉበት በ1622 ዓ.ም. ዐረፉ።

የማን ሃይማኖት ቀና እንደ ሆነ በዚህ ልፈርድ አልተነሣሁም፤ የምናገረው ስለ ጠባይ ነው። በ1625 ዓ.ም. የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ይህ ትዕግሥት አልነበራቸውም። የተጠመቀውን ሕዝብ እንደ ገና አስጠመቁ፥ ካህናቱንም ዳግመኛ ሾሙ፤ የአገሩንም ሥርዐት በግድ ለመለወጥ ፈለጉ። ሕዝቡ ተነሣ፤ ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። በ1632 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያንም ኋላ ከአገር ተባረሩ።