ኦርጋን መቺው መምህር፤ የሉዊ ብሬል ሕይወትና የሙዚቃ ትምህርት ጥቅም

በብዙ ትምህርት ቤቶች ሰዓት ሲጠብ አስቀድሞ የሚሠረዘው የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ነው። ሒሳብና ቋንቋ የእንጀራ ትምህርት ተብለው ሲከበሩ፣ የሙዚቃ መሣሪያ መማር ግን የበዓል ቀን ጌጥ ሆኖ ይቈጠራል። ይህ ግምት ምን ያህል እንደሚያሳስት ለመረዳት የአንድ የሥራ ባልደረባችንን ሕይወት መመልከት ይበቃል፤ እርሱም ለዓይነ ስውራን ፊደል ያበጀው ፈረንሳዊው መምህር ሉዊ ብሬል ነው። ዓለም በፊደሉ ያውቀዋል፤ ኦርጋን መቺ እንደ ነበረ የሚያስታውሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ሉዊ ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በኩቭሬ መንደር ተወለደ። አባቱ ኮርቻና የፈረስ ዕቃ ሠሪ ነበረ። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው በአባቱ የሥራ ቤት በቈዳ መብሻ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋው፤ ቍስሉም መርቅዞ ወደ ሁለተኛው ዓይኑ ስለ ተላለፈ፣ ገና ሕፃን ሳለ ብርሃኑን ፈጽሞ አጣ። በዚያ ዘመን ከድኻ ቤት የተወለደ ዓይነ ስውር ዕጣው ብዙውን ጊዜ ልመና ነበረ። ወላጆቹ ግን ከእኩዮቹ ጋራ ወደ መንደሩ ትምህርት ቤት ላኩት፤ መምህሩም ሳይመልሰው ተቀበለው። ያ ስሙ ያልገነነ የመንደር መምህር በሩን ዘግቶበት ቢሆን ኖሮ የቀረው ታሪክ ባልተጻፈም ነበር።

በ1819፣ በ10 ዓመቱ፣ ቫለንቲን አዩዊ ወደ መሠረተው የፓሪስ የዓይነ ስውራን ወጣቶች ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ የነበሩት መጻሕፍት ተራው የላቲን ፊደል በወፍራም ወረቀት ላይ ጎልቶ የታተመባቸው፣ ትልልቅና ከባድ ነበሩ። ተማሪው አንዱን ፊደል ከሌላው በጣቱ ለይቶ ዐረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ ድረስ መጀመሪያውን ይረሳው ነበር፤ በዚያ ፊደል የራሱን ሐሳብ መጻፍማ ጨርሶ የማይሞከር ነበረ። ስለዚህ አብዛኛው ትምህርት በጆሮና በቃል ነበረ። የቤተ ክርስቲያናችንን የቃል ትምህርት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በዚህ ሁሉ መካከል ዓይነ ስውሩ ከሚያየው ጋራ ትከሻ ለትከሻ የሚቆምበት አንድ ትምህርት ነበረ፤ እርሱም ሙዚቃ ነው። ሉዊ ፒያኖ፣ ቼሎና ኦርጋን ተማረ። ኦርጋን የሚመታ ሰው ሁለቱ እጆቹ ልዩ ልዩ ዜማ ሲይዙ እግሮቹ ደግሞ ከታች ያለውን መርገጫ ይጫወታሉ፤ ጆሮው ሁሉንም አንድ አድርጎ ይገዛል። ይህ በአንድ ቀን የሚገኝ ጥበብ አይደለም፤ ትዕግሥትን፣ የጣትን ጥንቃቄና የማይዝል ትውስታን ይጠይቃል። ጥቅሙም በመንፈስ ብቻ የሚቀር አልነበረም። ሉዊ ከ1834 ጀምሮ በፓሪስ በቅዱስ ኒኮላስ ዘሻን ቤተ ክርስቲያን በኦርጋን መቺነት ሠራ። የትምህርት ቤቱ ልጅ የሆነው ዓይነ ስውሩ ክሎድ ሞንታልም የፒያኖን ድምፅ ማስተካከል በራሱ ጥረት ተምሮ በ1836 ስለዚሁ ሙያ መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደረሰ፤ ለሌሎች ዓይነ ስውራንም የእንጀራ መንገድ ከፈተ።

ፊደሉ የተወለደው በዚህ የሙዚቃ ቤት ውስጥ ነው። የቀድሞው የጦር መኰንን ሻርል ባርቢዬ ጎልተው በሚነኩ 12 ነጥቦች የሚጻፍ ዘዴ ለትምህርት ቤቱ አቅርቦ ነበር። ነገር ግን ምልክቱ ከአንድ ጣት በታች የማይጠቃለል፣ የቃላትን ትክክለኛ አጻጻፍ የማያሳይ፣ ኖታም የማይጻፍበት ነበረ። ሉዊ ነጥቦቹን ወደ 6 ዝቅ አደረጋቸው፤ ከነዚህም 63 ምልክቶች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱም በአንድ የጣት ንክኪ ይታወቃል። ሥራውን በ1824 በ15 ዓመቱ አበጅቶ በ1829 በመጽሐፍ አወጣው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የዚያ መጽሐፍ አርእስት ቃላትን፣ ሙዚቃንና የቤተ ክርስቲያን ዜማን በነጥቦች ስለ መጻፍ የሚናገር መሆኑ ነው። ለሉዊ ሙዚቃ ኋላ የተጨመረ ጌጥ አልነበረም፤ ከንባብ ጋራ አብሮ የታሰበ ነበረ።

ይህ የኖታ አጻጻፍ ተሻሽሎ ሲጸና የላይኞቹ አራት ነጥቦች የድምፁን ከፍታና ዝቅታ፣ የታችኞቹ ሁለት ደግሞ የርዝመቱን ልክ እንዲያሳዩ ሆነ። ተማሪው በአንድ እጁ እያነበበ በሌላው ይመታል፤ ከዚያም ተራውን ለውጦ የሁለተኛውን እጅ ድርሻ ያጠናል፤ በመጨረሻም ሁለቱን በቃሉ ያጋጥማቸዋል። እንግዲህ ፊደሉ የቃል ጥናትን አልሻረም፤ ነገር ግን ተማሪው ሲሳሳት መምህሩን ሳይጠብቅ ራሱን የሚያርምበትን ምስክር ሰጠው።

ሉዊ በተማረበት ቤት መምህር ሆኖ ኖረ፤ ከሙዚቃ ሌላ ሰዋስው፣ መልክዐ ምድርና ሒሳብ አስተማረ። በ1840 የተሾመው አዲስ ዳይሬክተር የነጥቡን ፊደል ከለከለ፤ ተማሪዎቹ ግን በስውር እየጻፉበት አቆዩት። ጥቅሙን የቀመሰ ተማሪ ትእዛዝ ስለ ወጣ ብቻ አይተውምና፣ በ1844 የትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ ፊደሉ በሕዝብ ፊት ታየ። ሉዊ ሳንባውን ለብዙ ዓመታት ባደከመው የነቀርሳ በሽታ ጃንዋሪ 6 ቀን 1852 በ43 ዓመቱ ዐረፈ። ፊደሉ በትምህርት ቤቱ በይፋ የጸደቀው በ1854 ስለ ሆነ፣ ያን ቀን ለማየት አልታደለም።

ዛሬ የአማርኛ ፊደላችን ጭምር በነዚሁ ስድስት ነጥቦች ይጻፋል። በ1952 አፅሙ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወዳረፉበት ወደ ፓንቴዎን ሲዛወር፣ የእጆቹ አፅም ግን በትውልድ መንደሩ በኩቭሬ እንዲቀር ተደረገ። የመንደሩ ሰዎች ያስቀሯቸው እነዚያ እጆች መጽሐፍን ያነበቡና ኦርጋንን የመቱ፣ አንድ ዓይነት እጆች ነበሩ። በየዓመቱ መጀመሪያ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ የምናወጣ እኛ መምህራንና የትምህርት ሹማምንት፣ የሙዚቃን ሰዓት ከመሠረዛችን በፊት እነዚህን እጆች ብናስባቸው መልካም ነው።