ፊሊፕ ድሪንከርና የብረት ሳንባ

በሕክምና መሣሪያዎች ታሪክ ውስጥ የሐኪሞች ስም በየጊዜው ሲነሣ የመሐንዲሶች ስም አብዛኛውን ጊዜ ይዘነጋል። ከዚህ ዕጣ ካመለጡት ጥቂቶች መካከል አንዱ አሜሪካዊው ፊሊፕ ድሪንከር ነው። ይህ ሰው የሠራው መሣሪያ ጡንቻው ለሰነፈበት በሽተኛ የመተንፈሻ ኃይል ሰጥቷል። ሳይፈታው ያለፈው ችግር ደግሞ፣ ይኸውም የመሣሪያውን ምት ከበሽተኛው ትንፋሽ ጋር ማስማማት፣ ከእርሱ በኋላ ለመጡት መሐንዲሶች ሥራ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ የሕይወት ታሪኩን ስንመለከት ሁለቱንም ጎን ማየት ይገባል።

ድሪንከር እ.ኤ.አ. በ1894 በፔንሲልቬንያ፣ በሃቨርፎርድ ተወለደ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ መሐንዲስና የሕግ ባለሙያ ሲሆኑ በኋላ የሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ታላቅ ወንድሙ ሴሲል በሃርቫርድ የታወቀ የፊዚዮሎጂ ምሁር፣ እኅቱ ካትሪን ደግሞ ዝነኛ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ነበረች። ፊሊፕ በ1915 ከፕሪንስተን ከተመረቀ በኋላ በሊሃይ የኬሚካል ምሕንድስና ተማረ። በሃርቫርድ ማስተማር የጀመረው በኢንዱስትሪ ጤና ጥበቃ ዘርፍ ሲሆን፣ ዋና ጥናቱም በፋብሪካ ውስጥ ስለሚገኘው አየር፣ አቧራና ጭስ ነበር። ሐኪም አልነበረም።

በዚያን ጊዜ በጋዝ የታፈነ ወይም ኤሌክትሪክ የመታው ሰው የሚረዳው በእጅ ደረቱንና ጀርባውን በመጫን ነበር። ረዳቶቹ ሲደክሙ የሰውየው ትንፋሽም አብሮ ይቆማል። አንድ የኒው ዮርክ የጋዝ ኩባንያ ለዚህ ችግር መፍትሔ እንዲፈለግ 500 ዶላር ሰጠ። በወንድሙ ቤተ ሙከራ ሴሲልና ሉዊስ አጋሲዝ ሾው አንዲትን ድመት ጭንቅላቷን ብቻ ወደ ውጭ አውጥተው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ በማኖር፣ በተነፈሰች ቁጥር በሣጥኑ ውስጥ የሚለዋወጠውን ግፊት ይለኩ ነበር። ድሪንከር ይህን ሲያይ ነገሩን ገለበጠው፤ ትንፋሽ ግፊትን የሚለውጥ ከሆነ ግፊትም ትንፋሽን ሊፈጥር ይችላል ብሎ አሰበ። በኩራሬ ጡንቻዋ የሰነፈች ድመት በሣጥኑ ውስጥ አስገብቶ በመርፌ ሲሪንጅ አየር እያወጣና እያስገባ ሕይወቷን ማቆየት ቻለ።

ቀጥሎ ድሪንከርና ሾው ለሰው የሚበቃ የብረት ሣጥን አሠሩ። የኃይል ምንጩ ከምንጣፍ ማጽጃ ማሽኖች የተወሰዱ ሁለት ነፋሾች ሲሆኑ፣ ግፊቱን የሚያፈራርቀው ቫልቭ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ግፊቱ ከውጭው በጥቂት ሴንቲሜትር የውሃ ከፍታ ሲያንስ ደረት ይሰፋል፣ አየርም በአፍና በአፍንጫ ይገባል፤ ግፊቱ ሲመለስ ደረት ይረግባል። ሁለቱ ሰዎች መሣሪያውን በመጀመሪያ በራሳቸው ላይ ሞከሩት። በኦክቶበር 1928 በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል በልጅነት ልምሻ ሞት አፋፍ ላይ የደረሰች የ8 ዓመት ልጅ ገባችበት፤ በጥቂት ደቂቃም ውስጥ ነፍስ ዘራች። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሳንባ ምች ብትሞትም የመሣሪያው ጥቅም ተረጋገጠ። በሚቀጥለው ዓመት አንድ የሃርቫርድ ተማሪ በዚሁ መሣሪያ ዳነ።

ሆኖም መሣሪያው ግዙፍ፣ ውድና ጫጫታ የሚያሰማ ነበር። በ1931 ጆን ኤመርሰን የተባለ የፈጠራ ሰው በወናፍ መልክ በሚንቀሳቀስ ድያፍራም የሚሠራ፣ ቀለል ያለና ዋጋው ዝቅ ያለ ሌላ የብረት ሳንባ አወጣ። የምቱን ፍጥነትም በቀላሉ መለወጥ ይቻል ነበር። ድሪንከርና ሃርቫርድ የፈጠራ መብታችን ተነካ በማለት ከሰሱት። ኤመርሰን ግን የመሣሪያው እያንዳንዱ ክፍል ከዚያ በፊት የታወቀ መሆኑን በማስረጃ አስረድቶ ረታ፤ የድሪንከር የፈጠራ መብትም ዋጋ አጣ። ብዙ ሕይወት ያዳነ መሣሪያ በፍርድ ቤት መነታረኪያ መሆኑ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ በውጤቱ ሆስፒታሎች በርካሽ መሣሪያ ማግኘታቸው አልቀረም።

የሁለቱም መሣሪያዎች ምት ግን የሞተር ምት ነበር። ጡንቻው ፈጽሞ የሰነፈ በሽተኛ ከምቱ ጋር የሚጋጭበት ኃይል የለውም። ጥቂት ኃይል የቀረው ወይም እያገገመ ያለው ግን በራሱ መተንፈስ ሲሞክር ከመሣሪያው ጋር ይጋጫል። በመሆኑም ምቱን መልመድ የሚገባው በሽተኛው ሆነ። በብረት ሳንባ ውስጥ የኖሩ ሰዎች መናገር የሚችሉት መሣሪያው አየር በሚያስወጣበት ቅጽበት ብቻ ስለነበር ንግግራቸውን በዚያው ልክ ይቆርጡት ነበር።

የዚህ ነገር ክብደት በ1952 በኮፐንሃገን በግልጽ ታየ። በዚያ ወረርሽኝ የማደንዘዣ ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ አየር በከረጢት ሊያስገባላት ሲሞክር ልጅቷ ታገለችው፤ አየሩም አልገባ አለ። የማደንዘዣ መድኃኒት ሰጥቶ የራሷን ትግል ካስቆመ በኋላ ብቻ ሊረዳት ቻለ። ከዚያ በኋላ 1,500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች እየተፈራረቁ ከረጢቱን በእጃቸው ጨመቁ። የተማሪው እጅ ሞተር የሌለውን አንድ ነገር ይዟል፤ በሽተኛው አየር ሲስብ ከረጢቱ ላይ ይሰማዋል፣ ሊከተለውም ይችላል።

ድሪንከር ግን የዕድሜውን ትልቁን ክፍል የሰጠው ለሠራተኞች ጤና ነው። ከቴዎዶር ሃች ጋር ስለ ኢንዱስትሪ አቧራ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 ታትሟል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በመርከብ መሥሪያዎች የሠራተኞችን ጤና ጥበቃ መርቷል። በ1972 በ77 ዓመቱ አረፈ።

የዛሬዎቹ መሣሪያዎች አየርን በግፊት ወደ ሳንባ የሚያስገቡ ከመሆናቸውም በላይ፣ በሽተኛው አየር መሳብ ሲጀምር የሚፈጠረውን ጥቂት የግፊት ወይም የፍሰት ለውጥ ለክተው ይነሣሉ። ይህም ቢሆን ጉዳዩ አላለቀም። በሳንባ ውስጥ ሳይወጣ የቀረ አየር ካለ በሽተኛው መጀመሪያ ያንን ግፊት ማሸነፍ ስላለበት ጥረቱ መሣሪያው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ለዳሳሹ የተሰጠው መጠን ከልክ በላይ ንቁ ከሆነ ደግሞ በቱቦ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ እንኳ መሣሪያውን በከንቱ ያስነሣዋል። በ2006 በ62 በሽተኞች ላይ በወጣ አንድ ጥናት ከሩብ ጥቂት በሚያንሱት ላይ ከአሥር ትንፋሽ ከአንድ በላይ የሚሆነው ከመሣሪያው ጋር አልተስማማም ነበር። ከ1999 ወዲህ የድያፍራምን የኤሌክትሪክ ምልክት በጉሮሮ በሚወርድ ቱቦ አንብቦ መሣሪያውን የሚያስነሣ ዘዴም ተገኝቷል።

ስለዚህ አንድ ባልደረባችን በጽኑ ሕሙማን ክፍል መሣሪያ ተከላ ወይም ጥገና ሲፈጽም ግፊቱና መጠኑ ትክክል መሆኑን ማረጋገጡ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። የዳሳሹን ትብነት፣ የቱቦውን ፍሳሽ፣ በመነሻና በመድረሻ መካከል ያለውን መዘግየት ከሐኪሙና ከነርሷ ጋር ሆኖ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ መመርመር ይገባዋል። በሽተኛው ከመሣሪያው ጋር ሲታገል ብዙ ጊዜ የሚጨመረው የማደንዘዣ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒቱ ሲበዛ ግን ከመሣሪያው የሚላቀቅበት ቀን ይርቃል። ከመድኃኒቱ በፊት የመሣሪያውን አስተካከል ማየት የእኛ ድርሻ ነው።