ዓፄ ቴዎድሮስና የጋፋት ምድጃ

ዘንድሮ በመጽሔታችን ላይ የዓፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሡኝ አባቴ ናቸው። አባቴ እዚሁ ንፋስ መውጫ ቢላዋ፣ ማጭድና ማረሻ እየሠሩ ያሳደጉን ባለ እጅ ናቸው። እኔ ወናፉን ስነፋ እሳቸው አሮጌ የመኪና ባሌስትራ በከሰል እሳት ያግላሉ፤ በመስፍ ላይ አሳርፈው ይቀጠቅጣሉ፤ ስለቱ እንዲጠነክር ውሃ ያጠጡታል። ቢላዋቸው የማይገባበት ቤት የለም። ሆኖም ትንሽ ልጅ ሳለሁ አንድ ጓደኛዬ የቀጥቃጭ ልጅ፣ የቡዳ ልጅ ብሎ ሰደበኝ። ብዙ ቀን ወናፉን አልነካሁም ነበር።

ኋላ ታሪክ ስማር ግን ብረት ሠሪን አጥብቀው የፈለጉ ንጉሥ አገኘሁ።

ዓፄ ቴዎድሮስ፣ በልጅነት ስማቸው ካሣ ኃይሉ፣ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወልደው በቋራ አደጉ። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው በመድፍ ድል ሆኑ። ጀግንነት ብቻውን መድፍን እንደማይመክት ያን ጊዜ ተረዱ። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላም ይህን አልረሱም። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት እነ ዋልድማየርን፣ ዛልሙለርንና ቤንደርን የመሳሰሉ አውሮጳውያን ባለሙያዎችን አሰፈሩ። የፖላንድ ተወላጅ የሆነው ሞሪትዝ ሃልም አብሯቸው ሠራ። ብዙዎቹ የመጡት ወንጌል ሊያስተምሩ እንጂ መድፍ ሊያቀልጡ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ሙከራም ሳይሳካ ቀረ። ንጉሡ ግን ተስፋ ስላልቆረጡ በመጨረሻ ምድጃው ያዘ። የአገራችን ልጆችም በጋፋት ፊደልና የእጅ ሙያ ይማሩ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው መድፍ ሴባስቶፖል ተባለ፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር። በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ ይህ መድፍ በሠረገላ እየተጎተተ በእኛው በጋይንት ምድር አልፎ የጨጨሆን ዳገት ወጣ። መንገድ ስላልነበረ ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ ገደሉን እየናዱ ሄዱ፤ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ሴባስቶፖል ግን የእንግሊዝን ጦር አላቆመም፤ ዓፄ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል።

እውነቱን ለመናገር ንጉሡ የተሳሳቱበትም ነገር አለ። ባለሙያዎቹን በሽልማት ብቻ ሳይሆን በግዴታም አሠሩ፤ ሌሎች አውሮጳውያንንም አሰሩ። በግዴታ የቆመ ሙያ ከባለቤቱ በኋላ አይዘልቅምና ጋፋት ዝም አለች። ነገር ግን ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አይመስለኝም። የገዛ ባለ እጁን ቡዳ እያለ የሚያሸሽ አገር የሰው አገር ባለ እጅ ለመለመን ይገደዳል። ይህን የተረዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከአንዳንዶቻችን አፍ አልወጣም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ማታ እናቶቻችን ሽንኩርት ሲከትፉ ቢላዋውን እንመልከት፤ የማን እጅ እንደሠራውም እንጠይቅ። እኔ እንደ ሆነ ትምህርቴን ስጨርስ የብረት ሥራን በኮሌጅ ለመማር ቆርጫለሁ። እስከዚያው ድረስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወናፉን እነፋለሁ፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ ለሚጠይቀኝም ያለ ሐፍረት እመልሳለሁ።